ዜማና ሐራራ፤ ከሱስ ለሚያገግሙ በሙዚቃ ስለሚሰጥ ሕክምና



በአማኑኤልም ሆነ በየካ ኮተቤ ሆስፒታል ታክሞ ወደ ሲኤምሲ ሰፈሩ የሚመለስ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ድምፅ ነው። ከታክሲው ሬዲዮ፣ ከመጠጥ ቤቱ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ዜማ ይፈስሳል። ከነዚህም አንዱ ምናልባት በበርጫ ላይ ምርቃናው ሲጀምረው፣ ወይም ማታ ለጨብሲ ሲቀመጥ ይሰማው የነበረ ዘፈን ይሆናል። አእምሮ ዜማውንና ሱሱን አንድ ላይ አስሮ ይዟቸዋልና፣ ጫቱም አረቄውም በአጠገቡ ሳይኖር ሐራራው ይነሣል።

ስለዚህ «ሙዚቃ መንፈስን ያድሳል» ብሎ ለታማሚ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘፈን መክፈት ሕክምና ሊባል አይችልም፤ ጉዳትም ሊያስከትል ይችላል። የሙዚቃ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ከታማሚው ጋር በማዳመጥ፣ በመዝፈን፣ መሣሪያ በመጫወትና ግጥም በመግጠም የሚያካሂደው ሥራ ነው። የትኛው ዘፈን ሐራራ እንደሚቀሰቅስበት መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል፤ ዘፈኑን በመንገድ ላይ ድንገት ቢሰማ ምን እንደሚያደርግ፣ ወደ ማን እንደሚደውል፣ ከሆስፒታል ሳይወጣ መወሰን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 21 ጥናቶችንና 1,984 ሰዎችን አጠቃልሎ፣ በመደበኛው ሕክምና ላይ የተጨመረ የሙዚቃ ሕክምና ሐራራን እንደሚቀንስ፣ ለመታከም ያለውንም ፍላጎት እንደሚያነቃቃ አመልክቷል። ለድብርትና ለጭንቀት ግን ግልጽ ጥቅም አልታየበትም።

በአገራችን ዜማን ለታወከ መንፈስ ማዋል እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት ለሳኦል በገና መደርደሩን የማያውቅ የለም። መሰንቆ ከጠጅ ቤት ጋር ብዙ ዘመን ስለኖረ ለጠጪው ትዝታ ይቀሰቅስበታል። በገና ግን 10 አውታሮቹ በእንዚራው እየነዘሩ፣ በዝግታ፣ ብዙ ጊዜም በብቸኝነት የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ በመሆኑ ከመጠጥ የራቀ ነው። ይህም ቢሆን ለሁሉ አይስማማም። ግጥሙ ሞትንና ንስሐን ስለሚያነሣ፣ በጸጸት ለተጎዳ ሰው ሸክም ሊጨምርበት ይችላል፤ ሙስሊሙ ታማሚ ደግሞ መንዙማን ይመርጥ ይሆናል። ምርጫው የታማሚው ነው።

መጠጥ በሚተውባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ዜማ ሊያድነው አይችልም። የሚጥል መንቀጥቀጥና መቃዠት ለሞት ሊያደርሱ ስለሚችሉ የሐኪም ክትትል፣ ዳያዜፓምና ቲያሚን ያስፈልጉታል። ንዝረቱ ጸጥ ብሎ እንቅልፉ ሲመለስለት፣ ባለሙያው ያን ጊዜ መሣሪያውን ይዞ ይገባል።