እቴጌ ጣይቱ ያቆሙት የእንግዳ ቤት

(በሐዋሳ ከተማ፣ በጉዱማሌ፣ ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ እንግዳ ቤት እናወራለን። መንገደኛ ገንዘብ ከፍሎ ስለሚበላበትና ስለሚያድርበት ቤት ማለቴ ነው። አንዱ ሆቴል ይለዋል፤ ሌላው አልቤርጎ ይለዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

የተቀመጥንበት ቦታ ጉዱማሌ ነው። የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሲከበር እዚህ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። የሲዳማ አባቶች የበዓሉን አጀማመር ሲተርኩ፣ አንዲት ሴት ነበረች ይላሉ። ይህች ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። ባዶ እጇን አትመጣም። ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣለች። ጎረቤቱም አብሮ ይበላል። ይህች ሴት ምግብ አልሸጠችም፤ አካፈለች።

ዛሬ የማወራላችሁ ግን ስለ ሌላ ሴት ነው። እኚህ ሴት ምግብ በገንዘብ እንዲሸጥ አደረጉ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለቤት።

በድሮ ጊዜ መንገደኛ የት ነበር የሚያድረው? ሲመሽበት ከአንድ ሰው ደጅ ይቆምና «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይለዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ጠዋት መርቆ ይሄዳል። ገንዘብ ቢያወጣ ባለቤቱን እንደ መስደብ ነበር። ነጋዴው ደግሞ ከነአህያውና ከነበቅሎው ሜዳ ላይ ይሰፍራል፤ ስንቁን ይዞ ስለሚጓዝ እሱን ይበላል።

ይህ ጥሩ ባህል ነው። ነገር ግን አገሩ ተለወጠ። በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል ካደረገች በኋላ፣ ብዙ የውጭ አገር ሰው ወደ አዲስ አበባ መጣ። መልእክተኛው መጣ፤ ነጋዴው መጣ፤ የእጅ ሙያ ያለው መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ እንግዳ ዘመድ የለው፣ የሚያውቀው ደጅ የለው። የት ይደር? ምን ይብላ?

እቴጌ ጣይቱ ይህን ተመለከቱ። እሳቸው የቤተ መንግሥቱን ግብር የሚያስተዳድሩ፣ ሺህ ሰው እንዴት እንደሚበላ የሚያውቁ ባለሙያ ነበሩ። ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሠፈር የእንግዳ ቤት በ1898 ዓ.ም. አሠሩ። ሰፊ በረንዳና የእንጨት ደረጃ ያለው ፎቅ ቤት ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1900 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ ሰው ሁሉ ዘሎ ገባ? አልገባም። መኳንንቱ አፈሩ። ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ነበራ! በገዛ ቤቱ ሰው የሚያበላ ጌታ፣ እንዴት ከሰው ቤት ከፍሎ ይበላል? እንደሚተረከው፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ። በሉ፤ ጠጡ። ከዚያም ሒሳቡን ከፈሉ። ንጉሡ ከከፈሉ ሌላው ምን ይላል? ቀስ በቀስ ለመደ።

ቤቱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አይቷል። የጣሊያንን ወረራ አየ። በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ገባ፤ በኋላም ወደ ግል ዞረ። አስተናጋጁ ተለወጠ፤ ወጥ ሠሪዋ ተለወጠች። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ከፊሉ ተቃጠለ። ብዙ ሰው አዘነ። ቤቱ ግን ከእሳቱም በኋላ እንደገና እንግዳ ተቀበለ። ስሙም እስካሁን «ጣይቱ ሆቴል» ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ነገሥታት ለማውራት ብቻ አይደለም። ያ ነውር ከእኛ ቤት ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ከራሴ ቤት ልንገራችሁ።

አክስቴ በመኪና መንገድ ዳር አራት አልጋ ያላት አልቤርጎ ነበረቻት። አባቴ ታላቅ ወንድሟ ነው። «እንጀራ ሻጭ ሆነች» ብሎ ብዙ ዓመት ቤቷን ሳይረግጥ ቀረ። ሰው ስሟን ሲያነሣ እሱ አንገቱን ይደፋ ነበር። አንድ የክረምት ማታ የተሳፈረበት መኪና እዚያው ከተማ ተበላሸ። ዝናቡ ይወርዳል። አባቴ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ከደጇ ቆመ። አክስቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። እግሩን አጠበች፤ ትኩስ ሽሮ አቀረበች፤ ንጹሕ አልጋ አነጠፈች።

ያን ሌሊት አባቴ ብዙ አልተኛም። እሷ ስትሠራ ሰማ። ሌሊት የመጣ ሾፌር ሲያንኳኳ ተነሥታ ከፈተች። አንድ ነጋዴ ከሳምንት በፊት ረስቶት የሄደውን የገንዘብ ቋጠሮ ሊፈልግ መጣ። እንደታሰረ አውጥታ ሰጠችው። ጎህ ሳይቀድ እሳት አነደደች።

ጠዋት አባቴ ገንዘብ አወጣ። እሷም «ጋሼ፣ ከእርስዎ አልቀበልም» አለች። እሱ ግን እጇን ይዞ፣ «እቱ፣ ተቀበዪኝ። ሳልከፍል ከሄድኩ ሥራሽ ሥራ አይደለም ማለቴ ነው» አላት። ተቀበለችው። ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ «እህቴ ባለ ሆቴል ናት» እያለ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ አስቡት። የፍቼዋ ሴት ለዘመድ አካፈለች። እቴጌ ጣይቱ ዘመድ ለሌለው መንገደኛ ቤት ከፈቱ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ዘመድ ሲመጣ እናካፍላለን። የማናውቀው መንገደኛ ሲመጣ ደግሞ በተገቢ ዋጋ፣ በንጹሕ እጅ፣ በአደራ ጠባቂነት እናስተናግዳለን። ነውሩ መሸጡ አይደለም። ነውሩ የቆሸሸ ሳህን ማቅረብ ነው። ነውሩ ሒሳብ ላይ መጨመር ነው። ነውሩ የምታስተናግድን ልጅ መዝለፍ ነው።

ሐዋሳን ተመልከቱ። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ዛሬ በሐይቁ ዳር ሆቴሎች አሉ። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም እዚሁ ሐይቅ ዳር ሆቴል ሠርቷል። እዚያ ወጥ የሚሠሩት፣ አልጋ የሚያነጥፉት፣ ሳህን የሚያጥቡት የማን ልጆች ናቸው? የእናንተና የእኔ ልጆች ናቸው። የሚበላው እንቁላል፣ ወተት፣ ድንችና ዓሣስ ከየት ይመጣል? ከገበሬውና ከዓሣ አጥማጁ እጅ ነው። ሆቴል ያለ ገበሬ አንድ ቀን አያድርም።

ለዚህም ነው ፊደል የሚያስፈልገን። እንቁላል ለሆቴል የምታስረክብ እናት ስንት እንደሰጠች በደብተር ትጻፍ። ደረሰኙን ታንብብ። ልጇ ስትቀጠር የፈረመችበትን ወረቀት አብራት ትመልከት። ማንበብ የሚችልን ሰው ማታለል ይከብዳል።

ልጃችሁ በሆቴል ብትሠራ አትፈሩባት። «ምን ትሠራለች?» ቢሏችሁ፣ ቀና ብላችሁ «እንግዳ ታስተናግዳለች» በሉ። እቴጌም የሠሩት ሥራ ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በድሮ ጊዜ መንገደኛ ሲመሽበት ምን ይል ነበር? መልሱስ ምን ነበር?
2. መኳንንቱ ወደ ሆቴሉ መግባት ያፈሩት ለምንድን ነው?
3. አባትየው ጠዋት ገንዘብ ለመክፈል ለምን አጥብቆ ፈለገ?
4. በአካባቢያችሁ እንደ ነውር የሚታይ ጠቃሚ ሥራ አለ? ተወያዩበት።