የታላቅ ሠዓሊን ሥራ እየቀዱ መማር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው የቀደሙትን ሠዓልያን ሥራ እየቀዱ በዘይት ቀለም መሳልን ስለ መማር ነው።

«የሰው ሥራ መቅዳት ኩረጃ አይደለምን?» ብለው ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በፈተና የሚኮርጅ ሰው መልሱን ይወስዳል እንጂ መልሱ የተገኘበትን መንገድ አያይም። ሥዕል የሚቀዳ ተማሪ ግን የሚፈልገው መንገዱን ነው። ሲጨርስም በሸራው ጀርባ ከማን እንደ ቀዳ ይጽፋል፤ የሚኮርጅ ሰው ይህን አያደርግም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሬምብራንት የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1662 ዓ.ም. በአምስተርዳም የጨርቅ ጥራት የሚመረምሩ አምስት ሹማምንትን ከአገልጋያቸው ጋር ሥሏል። ስድስቱም ጥቁር ለብሰው ነጭ አንገትጌ አድርገዋል። እንደ ክፍል ፎቶግራፍ በተርታ ቢደረደሩ ኖሮ ሥዕሉ ሕይወት ባልኖረው ነበር። ሠዓሊው ግን አንዱን ከወንበሩ ብድግ ሲል አሳየው፤ በዚህም የራሶቹ መስመር ተሰበረ፤ እኛም በሩን ከፍተን የገባንባቸው ይመስለናል። ሥዕሉ በራጅ ሲመረመር ሬምብራንት ራሱ የአገልጋዩን ቦታ ደጋግሞ እንደ ለወጠ ታይቷል። ይህን ሥዕል በእጁ የሚቀዳ ተማሪ እያንዳንዱ ራስ ለምን እዚያ እንደ ተቀመጠ ለመጠየቅ ይገደዳል።

እርግጥ፣ ለሐዋሳ ተማሪ ዋናው ሥዕል ሩቅ ነው፤ የሚያገኘው በወረቀት የታተመውን ነው። ወረቀቱ የቀለሙን ውፍረት አያሳይም፤ ወርዱ 2 ሜትር ከ79 ሳንቲም የሆነውን ሥዕልም በመዳፍ ልክ ያደርገዋል። ቢሆንም አቀማመጥን፣ ብርሃንንና ጥላን ያስተምራል። ወረቀቱንና ሸራውን በእኩል ቁጥር አራት ማዕዘን እያሰመሩ መጀመር ይቻላል።

የቀለሙን ጠባይ የሚያስተምረው ግን ሥራው ራሱ ነው። የዘይት ቀለም የሚለወሰው እናቶቻችን በሚያውቁት በተልባ ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ውኃ አይተንም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስለዚህ ከሥር የሚቀባው ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ የሚቀባው ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት፤ አለዚያ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና በኋላ ይሰነጠቃል። ችኩል ሰው ይህን ሥራ አይችለውም።

ይህ የትምህርት መንገድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት የአገራችን ሠዓልያን ቀዱት፤ ነገር ግን በቀኝና በግራ ሚካኤልንና ገብርኤልን ጨመሩ፤ ፊቱንና ልብሱንም በራሳቸው መንገድ ሣሉ። ዛሬ ያን ሥዕል ያየ ሁሉ የኢትዮጵያ ነው ይላል። አባቶቻችን ቀድተው አልቀሩም፤ ከቀዱ በኋላ የራሳቸውን አደረጉት።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ሥዕል የጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይምሰላችሁ። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። እኔም ፈተናዬን ካለፍሁ እዚያ ለመግባት እመኛለሁ፤ ይህን የሚመኝ ልጅ ያላችሁ ወላጆች «ምን ትበላበታለህ?» ከማለታችሁ በፊት ሥራውን እንድታዩለት እለምናለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች አምስት ስድስት ሆነው መረባቸውን ሲጠግኑ ተመልከቱ። አንዱ ያጎነብሳል፤ አንዱ ክር ይስባል፤ አንዱ ሰው ሲመጣ ቀና ይላል። የሬምብራንትን ሹማምንት የቀዳ ዓይን እነዚህን ሰዎች እንዴት አድርጎ በአንድ ሸራ እንደሚያስቀምጣቸው ያውቃል። እነርሱን ግን ከማንም አንቀዳቸውም፤ እኛው ልንሥላቸው ይገባል።