የካናዳ ሉዓላዊነትና የስደተኛው ዕጣ



እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 በተካሄደው ምርጫ በማርክ ካርኒ የሚመራው የካናዳ ሊበራል ፓርቲ ከ343 የምክር ቤት መቀመጫዎች 169ኙን አሸነፈ። ብቻውን ሕግ ለማጽደቅ 172 ያስፈልገው ስለ ነበር፣ ሦስት መቀመጫ የጎደለው አናሳ መንግሥት ሆኖ ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ካናዳ «51ኛዋ ግዛት» እንድትሆን ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ሦስት አራተኛ ያህሉ ወደ አሜሪካ የሚሄድ በመሆኑ ንግግሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም።

የመንግሥቱ ምላሽ በአንድ በኩል ጽኑ ነበር። ካርኒ በሜይ 6 ዋይት ሐውስ ተገኝተው አገራቸው ለሽያጭ እንዳልቀረበች ተናገሩ። በሜይ 27 ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ኦታዋ መጥተው የፓርላማውን የመክፈቻ ንግግር አሰሙ። የውስጥ ንግድ እንቅፋቶችን ለመቀነስና ታላላቅ ፕሮጀክቶችን ለማፋጠን የወጣው ሕግም በዋናው ተቃዋሚ በወግ አጥባቂው ፓርቲ ድጋፍ ጭምር በጁን ጸደቀ።

በድንበር ጉዳይ ግን የታየው ሌላ ነው። ዋሽንግተን በካናዳ ላይ ለጣለችው ቀረጥ ያቀረበችው ምክንያት ፈንታኒልና ሕገ ወጥ ስደት ነበር። የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 የበጀት ዓመት በሰሜኑ ድንበር የያዘው ፈንታኒል 43 ፓውንድ ብቻ ሲሆን፣ በደቡቡ የተያዘው ከ21,000 ፓውንድ በላይ ነው። ይህ እየታወቀ በጁን 3 ሲ-2 የተባለው የድንበር ረቂቅ ሕግ ቀረበ።

በረቂቁ መሠረት ከጁን 24 ቀን 2020 በኋላ ካናዳ የገባ ሰው፣ ከመጀመሪያ መግቢያው አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ጥገኝነት ቢጠይቅ ጉዳዩ ወደ ስደተኞች ቦርድ አይመራም። በ2022 ከጎንደር ለትምህርት የገባን ወጣት ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ተፋፍሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሕጉ የሚቆጥረው ግን ወጣቱ የገባበትን ቀን እንጂ አደጋው የተከሰተበትን ቀን አይደለም። የሚቀርለት ከመባረር በፊት የሚደረግ የአደጋ ግምገማ ብቻ ነው፤ ይህም በገለልተኛ ቦርድ ፊት ቀርቦ ከመሰማት ጋር አይተካከልም።

ተቃዋሚዎችና የመብት ተሟጋቾች የፖስታ ደብዳቤን ለመክፈትና የግል መረጃን ለመጠየቅ የተሰጠውን ሥልጣን አጥብቀው ተቃወሙ። አናሳው መንግሥት ድምፅ ያስፈልገው ነበርና በኦክቶበር 8 እነዚህን አንቀጾች ያላካተተ ሲ-12 የተባለ ረቂቅ አቀረበ። የጥገኝነት አንቀጾቹ ግን ወደ አዲሱ ረቂቅ ተሸጋገሩ። መራጩ ዜጋ ተደመጠ፤ ድምፅ የማይሰጠው ስደተኛ ተዘነጋ።

ይህ ለተሟጋቾችና ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች አንድ ነገር ያስተምራል፤ በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ጥቂት ድምፆች አንቀጽ ሊያስቀይሩ ይችላሉ። ስለዚህ በማሻሻያነት ሊቀርቡ የሚገባቸው ሦስት ነጥቦች ናቸው፦

1. በትውልድ አገሩ ሁኔታው ለተለወጠበት ሰው የአንድ ዓመቱ ገደብ እንዳይጸና፤
2. ገደቡ ሕጉ ከመጽደቁ በፊት በቀረቡ ማመልከቻዎች ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ፤
3. የአደጋ ግምገማ የሚደረግለት ሰው ሁሉ በአካል ቀርቦ የመሰማት መብት እንዲኖረው።

ሉዓላዊነት አንድ አገር ሕጓን በራሷ ሚዛን መዝና ማውጣቷ ነው። የጎረቤትን ቁጣ ለማብረድ ሲባል የስደተኛው መብት ከተቀነሰ፣ ካናዳ ለሽያጭ አልቀረበችም የተባለው ቃል ጎዶሎ ይሆናል።