የፊልም ጠመንጃ አሠራር
(በወላይታ ሶዶ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ያደረጉትን ጦርነት በፊልም ለማሳየት የሚነሣ ሰው ክላሽንኮቭ ተውሶ ቢመጣ ታሪኩን ያፋልሳል፤ መሣሪያው የተሠራው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነውና። ለዘመኑ የሚስማማው ውጅግራ ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ባሩዱ ጥቁር ስለሆነም በየተኩሱ ነጭ ጢስ የሚተፋ። ተኳሹ እንደገና እስኪያጎርስ ጋሻና ጦር የያዘው ሰው የሚገሰግስበት ፋታ አለ፤ የትግሉ ትርኢት የሚያምረው በዚያች ፋታ ነው።

ነገር ግን አሮጌ ጠመንጃ ከየቤቱ ለቅሞ አረር የሌለው ጥይት ማጉረስን አጥብቄ እቃወማለሁ። የብሩስ ሊ ልጅ ብራንደን ሊ በ1985 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ፊልም ሲሠራ የሞተው፣ በአፈሙዙ ተሰክቶ የቀረውን አረር እንዲህ ያለው ጥይት ገፍቶ ስላስወጣው ነው። እንግዲያው ከእንጨትና በብየዳ ከተደፈነ የብረት ቧንቧ ሞዴል እንሥራ፤ ክብደቱም ከ4 ኪሎ ግራም ብዙ አይራቅ፣ ቀላል ጠመንጃ በተዋናይ ትከሻ ላይ ያስታውቃልና። ጢሱን ከሌላ ሥፍራ ማስነሣት ይቻላል።