የእማማ ጁክቦክስ፦ በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር


ባለፈው ስብሰባ «የቁጠባው ገንዘብ ለዘፈን ማሽን ወጣ» የሚል ወሬ ስለተሰማ፣ ሥራውን የያዝነው ሦስታችን ቀርበን እንድናስረዳ ተብሏል። አስቀድመን ለደጋፊዎቻችን እንናገር፦ ከእናንተ ከመጣው አንድ ብር አልተነካም። ከቁጠባውም አልወጣም። ፈቃደኛ የሆንን አዋጥተን ነው፤ ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ አለ። ጥያቄውን ያነሣችሁ ግን ደግ አደረጋችሁ።

ሁላችን እማማ የምንላቸው አባላችን ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊደፍን ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ቡና ቤት ነበራቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም በዚያ ነው። ቡና ቤት የከፈተች ሴት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ፤ እሳቸውም ብዙ ሰምተዋል። በቤቱ ውስጥ የአሜሪካ ሥሪት የሆነ ሮክኦላ ጁክቦክስ ቆሞ ነበር። ደንበኛው ሳንቲም ከትቶ ቁልፍ ይጫናል፤ በውስጥ ያለው ክንድ ሸክላውን ከረድፉ አንሥቶ ያስቀምጣል፤ መርፌው ይወርዳል። ዐምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ የሀገራችን ዘፈን በትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በብዛት ይወጣ ስለነበር፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ይላሉ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታ ገበያ ሞተ። ቡና ቤቱ ተዘጋ፤ ጁክቦክሱም ሳሎን ገብቶ፣ ጨርቅ ለብሶ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆነ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ እማማ ደጃፋቸው ላይ ከቆራሌው ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ አንዳችን ደረስን። «ስሞት ለልጆቼ ሸክም ነው የሚሆነው» አሉ። በብረት ኪሎ ሊሄድ ነበር። ቆራሌውን ይቅርታ ጠይቀን ሸኘነው።

እንግዲህ ጉጉታችን ሊያጠፋን ነበር። ሶኬቱን ልንሰካ ስንል፣ ለምክር የጠራናቸው አንድ አዛውንት የራዲዮ ጠጋኝ «ተዉ!» ብለው ጮኹብን። ለካ ለዓመታት የተቀመጠ ማሽን በአንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ አይሰጠውም። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ደርቀው ስለሚበላሹ ትራንስፎርመሩን ይዘው ይቃጠላሉ፤ የእሱን ምትክ ደግሞ ማግኘት ከባድ ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ካፓሲተሮቹን መርካቶ አገኘናቸው፤ ዋጋቸውም አይከብድም። ግራሶው እንደ ሻማ ደርቆ ክንዱን አስሮት ስለነበር በነጭ ጋዝ አጥበን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀባነው። ይህንን እንኳ ለእኛ ማንም ማስተማር አላስፈለገውም።

ያደከመን ሞተሩ ነው። ጥቅልሉ ተቃጥሏል። ምናለሽ ተራን ሁለት ቅዳሜ ዞርነው፤ የማይሸጥ ነገር የለም በሚባልበት ሰፈር እሱ ጠፋ። ዋሽንግተን ላለች የአንዳችን እህት ፎቶ ላክንላት። ገዝታ የላከችው የሌላ ሞዴል ሆኖ አልገጥም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ከማሽኑ ጀርባ የተለጠፈችውን ሳህን አጥበን ቁጥሯን ያነበብነው። የአሮጌ ማሽን ዕቃ የሚፈለገው በሞዴል ቁጥር ነው፤ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ልኩ ይለያያል። በቁጥሩ ሁለተኛውን አግኝታ በሰው እጅ ላከችልን።

ገጠምነው፤ ዞረ። እማማ ወንበር አስመጥተው ፊቱ ተቀመጡ። የሴት ድምፅ መሆን የነበረበት ወፍራም የወንድ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ይቺን ልጅ ጉንፋን ይዟታል» አሉ። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን ጨርቁን መልሰው አለበሱት። ያን ቀን ቡናው ሳይፈላ ተለያየን።

ቮልቱን አስተካክለናል ብለን ነበር፤ ማሽኑ የራሱ ትራንስፎርመር አለውና ሞተሩ የሚፈልገውን 110 ያገኛል። ያላሰብነው ሌላ ነበር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50 ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ምልልስ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ከግማሽ ብቻ ይዞራል። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀንሳል እንጂ ይህንን አይለውጥም።

መፍትሔው የሞተሩን ዘንግ ማወፈር ሆነ። ቶርኖ ቤት ወስደን፣ የዘንጉን ስፋት በአንድ አምስተኛ የሚጨምር ትንሽ የናስ ቀለበት አስቀረጽን። ከዘንጉ ወደ ሸክላው ማዞሪያ ኃይል የምታስተላልፈውን ጎማም ደርቃ ስለነበር እዚያው አስለበስናት። የቶርኖው ባለሙያ ለምን እንደሆነ ሲሰማ የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ፤ የናሱን ብቻ ወሰደ።

በሁለተኛው እሑድ እማማ ከማድ ቤት አልወጣ አሉ። ያንኑ ሸክላ ከፈትነው። ጥቂት ቆይተው ረከቦታቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ዘፈኑ ሲያልቅ «ያ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ነበር ይቺን የሚያዝዘው» አሉና ስለ ቡና ቤታቸው እስኪመሽ አወጉን። በጉባኤያችን አሥራ አንድ ዓመት ሲቀመጡ አንድም ቀን ስለዚያ ቤት አንሥተው አያውቁም ነበር። ትልቋ ልጃቸውም አብራን ሰማች፤ አንዳንዱ ለእሷም አዲስ ነበር።

አሁንም ያልተጨረሰ አለ። ድምፁ ከሥር ትንሽ ይጮኻል። መርፌዋ አርጅታለች፤ በጨረሰች መርፌ ደጋግሞ ማጫወት ሸክላውን ስለሚፍቀው በእሑድ ከአራት ዘፈን አናልፍም። ሳንቲም መቀበያው የአሁኑን ሳንቲም አያውቀውም፤ እሱን በሽቦ አልፈነዋል፣ ስለዚህ በነፃ ነው።

ቤታችሁ የቆዩ ሸክላዎች ያሏችሁ እህቶች፣ መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለው መሆኑን አይታችሁ አምጡልን። ጠባብ ቀዳዳ ያለው እኛ ማሽን ላይ አይቀመጥም። አንዳንዱ መሃሉ ተፈንቅሎ የሚወጣ ነው፣ አንዳንዱ ግን አይደለምና ቢላዋ ሳታነሡ በፊት አሳዩን።