መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት በፊዚዮሎጂና በፋርማኮሎጂ ስለሚደረገው የድኅረ ምረቃ ምርምር ነው። ፊዚዮሎጂ የሰውነት ክፍሎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚያከናውኑ የሚመረምር ትምህርት ሲሆን፣ ፋርማኮሎጂ ደግሞ መድኃኒት በሰውነት ላይ፣ ሰውነትም በመድኃኒቱ ላይ የሚያደርገውን የሚያጠና ነው። ልብ እንዴት እንደሚመታ ያላወቀ ሰው የልብ መድኃኒት ምን እንደሚሠራ ሊያውቅ አይችልምና ሁለቱ ትምህርቶች ተለያይተው አይሄዱም።

ይህን ትምህርት ከጀመርን ወዲህ ሥራችን ምን እንደ ሆነ የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። በቅርቡ ከመካከላችን የአንዱ እናት ከገጠር መጥተው ልጃቸው የሚውልበትን ላቦራቶሪ ጎበኙ። የተደረደረውን ብልቃጥና በክር የተንጠለጠለውን ቁራጭ የጥንቸል አንጀት ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ በሽተኛ የማታይ ከሆነ ታዲያ የምታድነው ማንን ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አጣ። እኛም አጠገቡ ቆመን ነበርና እንደ እርሱው መልስ አጣን። ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ለእኒያ እናት በዚያን ቀን ልንሰጣቸው ይገባን የነበረውን መልስ ነው።

አገራችን የመድኃኒት ዕፅዋት ድኻ አይደለችም። ከእኛ መካከል ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ኮሶ ያልጠጡ የሚገኝ አይመስለንም። ኮሶ የሆድ ትልን እንደሚያስወጣ ሕዝባችን ከማናቸውም ላቦራቶሪ በፊት አውቆታል። ነገር ግን ያንኑ ኮሶ ከመጠን አሳልፎ የጠጣ ሰው የዓይኑ ብርሃን ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሞች ጽፈዋል። «ማር ሲበዛ ይመራል» የሚለው ተረታችን የፋርማኮሎጂ የመጀመሪያው ትምህርት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ድንበር መጠን ነውና። ይህ መጠን በአንዱ ቤት በጽዋ፣ በሌላው ቤት በእፍኝ እየተለካ፣ የአዋቂውም ዕውቀት ሳይጻፍ ከእርሱ ጋር እየተቀበረ ብዙ ዘመን አልፏል። የእኛ ሥራ ይህን መጠን መፈለግና ማንም ሊደግመው በሚችል አኳኋን ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንግለጽ። አንድ ቁራጭ የጥንቸል አንጀት ተገቢው ጨው ባለበት፣ 37 ዲግሪ በሞቀና ኦክሲጅን በሚያገኝ ውሃ ውስጥ ቢንጠለጠል ከእንስሳው ተለይቶም በራሱ ሲኮማተርና ሲላላ ይቆያል። አሴቲልኮሊን ሲጨመርበት ይበልጥ ይኮማተራል፤ አድሬናሊን ሲጨመርበት ይላላል። የአሴቲልኮሊኑን መጠን ደረጃ በደረጃ ብናሳድገው መኮማተሩም እያደገ ይሄዳል፤ ከአንድ ወሰን በኋላ ግን እጥፍ ቢጨመርበት የሚታይ ለውጥ አይኖርም። ይህን በወረቀት ላይ በመስመር ስንሥለው መድኃኒቱ መሥራት የሚጀምርበትንና ኃይሉ የሚያልቅበትን እናያለን። አንድ ያልታወቀ የዕፅ ጭማቂ በአንጀቱ ላይ ስናፈስም ከዚህ መስመር ጋር እያመዛዘንን ጠባዩን እንፈትናለን።

በዚሁ ሥራ ላይ የደረሰብንን አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገራችሁ። አራት ጊዜ ከሠራነው ሙከራ ሦስቱ ያማረ ውጤት ሰጡን። በአራተኛው ጊዜ ኤሌክትሪክ ጠፋና ውሃው ቀዘቀዘ፤ አንጀቱም ደከመ። ጊዜው አጭር፣ ዕቃውም ውድ ስለ ነበረ ስለ አራተኛው ሳናነሣ በሦስቱ ብቻ መስመሩን ሥለን ለመምህራችን አቀረብን። መምህራችን መዝገቡን ገልጠው አራተኛውን አገኙትና፣ «መስመሩ ያምራል፤ ነገር ግን የእናንተ ነው እንጂ የጥንቸሉ አይደለም» አሉን። ኤሌክትሪክ መጥፋቱን ከነሰዓቱ ጽፈን ሙከራውን በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ገና ሠራነው። በዚያን ቀን አፍረናል፤ ነገር ግን ከብዙ ወራት ንግግር ይልቅ ያ ዕፍረት አስተምሮናል።

ይህ ትንሽ ነገር መስሎ የታያችሁ እንደ ሆነ የእንዶድን ታሪክ እናስታውሳችሁ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የቢልሃርዚያ ትል በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውሃ ወጥቶ በሚሻገረው ወይም በሚታጠበው ሰው ቆዳ ይገባል። በአገራችን በሰፊው የሚገኘው ዓይነት በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ ዕንቁላሉም በጉበት ውስጥ እየተቀረቀረ ጉበቱን ያጠጥረዋል። ደም በጉበት በኩል ማለፍ ሲቸግረው በደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድም ውሃ ይቋጥራል። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲመለከቱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው የእንዶድ አረፋ ቢጨመርባቸው ሞቱ።

እንዶድን ያላወቀ ኢትዮጵያዊ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ አረፋውን ከቀንድ አውጣው ሞት ጋር አገናኝቶ የጠየቀ ግን አንድ ሰው ተገኘ። በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራ፣ በትንንሾቹ ልጆች ዘንድ በሽታው ከመቶ 50 ወደ 7 መውረዱ ተመዝግቧል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የሚባለው ነገር መሆኑም ታወቀ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ፍሬው በውሃ ሲደቆስ በራሱ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ኃይለኛው መልኩ ይለውጠዋል። እናቶቻችን እንዶዱን ደቁሰው በውሃ ሲዘፈዝፉ ትክክለኛውን የአሠራር መንገድ ይዘው ኖረዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የቀረው ምን ነበር? የቀረው መጠኑና ጉዳቱ ነበር። ሳፖኒን ቀንድ አውጣን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ዓሣንም ይገድላል፣ በቀጥታ ደም ውስጥ ቢገባ ቀዩን የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ ለሰውና ለከብት የማያሰጋ መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። በአገር ውስጥ የተሠራው ጥናት ዓለም በተቀበለው የላቦራቶሪ ሥርዓት የተከናወነ አይደለም ተብሎ በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። ያ ምርመራ በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ከግኝቱ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997ም ዐረፉ። ዛሬ ቢልሃርዚያን ለመከላከል ለተማሪዎች በሰፊው የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ነው። ይህ መድኃኒት በሰውየው ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ በወንዙ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካም። ልጁ ድኖ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን እንቆጣለን። ቁጣችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአገር ሰው ያገኘውን እስኪያምኑ ድረስ አንድ ትውልድ አልፏልና። ነገር ግን ቁጣ ላቦራቶሪ አይሆንም። ሚዛኑ ያልተፈተሸ፣ እንስሳቱ በሥርዓት ያልተያዙ፣ መዝገቡ ያልተሟላ ሥራ ለሚጠራጠር ሰው በር ይከፍትለታል። እኛም አራተኛውን ሙከራ በደበቅንበት ቀን ያንኑ በር በገዛ እጃችን ከፍተን ነበር።

ስለዚህ በሁለት ወገን እንለምናለን። መምህራኖቻችንን የምንለምነው ለሁሉም ክፍሎች የሚያገለግል፣ የመርዝነትን ምርመራ በሥርዓቱ የሚያካሂድ አንድ የጋራ ላቦራቶሪና የታወቀ የእንስሳት ማርቢያ እንዲጠናከር ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ጥንቸል ፈልጎ መመረቂያውን ጽፎ ከሄደ፣ ጽሑፉ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል እንጂ ቀጣዩ ተማሪ አይነሣበትም። ጓደኞቻችንን የምንለምነው ደግሞ ይህን ትምህርት በሽተኛ ለማየት ዕድል ያጣ ሰው የሚገባበት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት ነው። ዕውቀታቸውን ያካፈሉንን የባህል ሐኪሞችም ስማቸውንና ድርሻቸውን በጽሑፋችን ውስጥ እናስገባላቸው፤ የእነርሱን ወስደን ስማቸውን ብንተው እኛም በውጭ ሰዎች ላይ የምናማርረውን በደል እንፈጽማለንና።

አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። ሰርዶው ሞልቶናል፤ የጎደለው ሥሩ ድረስ የሚያርሰው በሬ ነው።

ለእኒያ እናትም ዛሬ እንዲህ እንመልስላቸዋለን፤ እማማ፣ ልጅዎ የሚያድነው ገና ያልታመመውን፣ ስሙንም የማያውቀውን ሰው ነው። እርስዎ በጽዋ የሰጡትን እርሱ በሚዛን ይለካዋል፤ የለካውንም ሳይደብቅ ይጽፈዋል።