በትከሻ የሚያዝ የልብ ጉልበት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልብና ስለ ባትሪ ነው። “ልብና ባትሪን ምን አገናኛቸው?” ትሉ ይሆናል። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ልባችን ደም የሚገፋ ፓምፕ ነው። አርፈን በተቀመጥንበት ጊዜ እንኳ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህ ፓምፕ ሲደክም ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ጥቂት መራመድም ያቅታል። መድኃኒት ካልረዳ ሌላ መላ መፈለግ ግድ ይሆናል።

በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ በዩታ ዩኒቨርስቲ፣ ባርኒ ክላርክ ለሚባል የጥርስ ሐኪም ሰው ሠራሽ ልብ ተተከለለት። በዚያ ልብ 112 ቀን ኖረ። ነገር ግን ልቡን በአየር ግፊት የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ 180 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ሰውዬው በቱቦ ከመሣሪያው ጋር ተያይዞ ነበር የሚውለው የሚያድረው። ዕድሜ አገኘ፤ ወደ ቤቱ ግን አልተመለሰም።

ታዲያ ያን ሁሉ ክብደት ሰው ለብሶት እንዲሄድ እንዴት ማድረግ ይቻላል? የመሐንዲሶቹ ሥራ ይኸው ነበር።

ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች የሚተክሉት ፓምፕ የታመመውን ልብ አያስወጣም፤ ያግዘዋል እንጂ። ከፓምፑ የሚነሣ ቀጭን ገመድ በሆድ ቆዳ በኩል ይወጣና ወገብ ላይ ከሚታሰር መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛል። ሁለት ባትሪዎች በግራና በቀኝ ይንጠለጠላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ሃርትሜት 3 የተባለው ፓምፕ በሁለት ሙሉ ባትሪ እስከ 17 ሰዓት ይሠራል። ማታ ሲተኙ ከቤት መብራት ጋር ይያያዛል።

ባትሪው ትልቅ ቢሆን ብዙ ሰዓት ይሠራል፣ ትከሻ ግን ያጎብጣል። ትንሽ ቢሆን ይቀላል፣ ቶሎ ቶሎ ግን መቀየር አለበት። ሁለቱን ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው መቀየሩ ነው። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ስንቀይር ሁሉንም አውጥተን ሁሉንም እናስገባለን። ሬዲዮው ዝም ቢል ምን ቸገረን? የልብ ፓምፕ ግን ዝም ማለት የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን ነቅሎ ሙሉውን መሰካት፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው መሄድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መንቀል ክልክል ነው። ሰው ግን ይሳሳታላ! ስለዚህ መቆጣጠሪያው ውስጥ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ የሚያቆይ መጠባበቂያ ባትሪ አለ።

አደጋ ሲመጣ መቆጣጠሪያው በሦስት መንገድ ይናገራል፦ በድምፅ፣ በመብራትና በጽሑፍ። ጆሮው የከበደ መብራቱን ያያል፤ እንቅልፍ የወሰደው ድምፁን ይሰማል። ምን እንደጎደለና ምን እንደሚደረግ የሚነግረው ግን ጽሑፉ ነው። ስለዚህ የበሽተኛው ቤተሰብም አብሮ ይማራል። ሌሊት ጩኸቱ ሲሰማ ተነሥቶ ያንን አጭር መስመር አንብቦ የሚረዳ አንድ ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት።